የጦር ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍትና የርብ ደብተር

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢ ኋላ እንዳይደነግጥ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ሲጽፍ አለቆቹን አመስግኖ፣ ባልደረቦቹን አወድሶ፣ ራሱን ትሑት አድርጎ ነው የሚጀምረው። እኔም እንደዚያ ጀምሬ ሦስት ገጽ ያህል ከሄድሁ በኋላ ለሚስቴ አነበብሁላት። «ይኼ ሰውዬ ማነው? ደግ ሰው ይመስላል» አለች። ወረቀቱን ቀደድሁና ከዚህ ጀመርሁ።

የጦር ኮሌጁ ዋና ቤት ሌላ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ወረታ የነበረው ቅርንጫፉ ነው፤ ዕጩ መኮንኖች ወንዝና ረግረግ መሻገር የሚለማመዱበት። የፎገራ ሜዳ በክረምት ግማሹ ባሕር ስለሚሆን ለዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ተብሎ ተመረጠ። እኔ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርሁት የበቅሎ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። የታመመ በቅሎና የገባ ገብስ ስመዘግብ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ስለ ደመወዙ የማነሣው የለኝም፤ በወሩ ይደርሰን ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ አዛዡ ሻለቃ መዝገቤን አይተው፣ «ይህ የእጅ ጽሕፈት በቅሎ ቤት ምን ይሠራል?» አሉና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አዛወሩኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ለእህል መጋዘን ተብሎ የተሠራ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ውኃ እንዳይገባበት መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ብሏል። ዐሥራ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ የካርታ ሣጥን፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ የጥያቄ ሣጥን ነበረን። ዕጩ መኮንኑ ያላወቀውን ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ እዚያ ውስጥ ይጥላል። እኛ በማግሥቱ መልሱን፣ መጽሐፉንና ገጹን ጠቅሰን፣ በስሙ አስቀምጠን እንጠብቀዋለን። ጋዜጣ በአውቶቡስ የሚደርሰን ሁለት ሳምንት አርጅቶ ነው፤ ቢሆንም ይሻሙበት ነበር።

ኃላፊው መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ጣራ ገዳም ብራና ሲደጉሱ ያደጉ ሰው ናቸው። ዕጩ መኮንኑም አዛዡም «የኔታ» ነው የሚላቸው። በነጠላቸው ላይ የወታደር ካፖርት ይደርባሉ። መጽሐፍ የሚጠይቃቸውን ሰው፣ «ምን ልትሠራበት ነው?» ሳይሉ አይሰጡም። አንድ ጊዜ አንድ ዕጩ መኮንን ስለ ድልድይ የሚያስተምር መጽሐፍ ፈልጎ መጣ። እንደ ልማዳቸው ቢጠይቁት የማሻገሪያው ገመድ እየተፈታ እንዳስቸገረው ነገራቸው። የድልድዩን መጽሐፍ ትተው ስለ ቋጠሮ የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ ሰጡት። ልጁ ቅር እያለው ሄደ፤ በሳምንቱ እጅ ሊነሣ ተመለሰ።

ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክረምት ሲወጣ መጻሕፍቱ ሁሉ ይረጥባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ፀሐይ ላይ ላሰጣቸው ስል እጄን ያዙኝ። «ቆዳው ይኮማተራል፤ መጽሐፍ የሚደርቀው በጥላና በነፋስ ነው» አሉ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በግርጌው አቁመን፣ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገን በረንዳው ላይ እንደረድራለን። ሻጋታው በደረቅ ጨርቅ ከስፌቱ ወደ ዳሩ ብቻ ነው የሚጠረገው፤ ወደ ውስጥ ከተጠረገ ስፌቱ ሥር ተቀምጦ ክሩን ይበላዋል። ሙጫ ሲፈላ አጠገቡ ቆሞ ወሬ የሚያወራን ሰው ያስወጡ ነበር።

ከሁሉ አብልጠው የሚጠብቁት ሕግ ግን አንድ ነው። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲነሣ በቦታው ጣውላ ይገባል። ጣውላው የመጽሐፍ ቁመት ያለው ስስ የዋንዛ ቁራጭ ሲሆን ጠርዙ ላይ የሠራተኛው ምልክት አለው። የየኔታ አንድ ጭረት፣ የእኔ ሁለት፣ ኋላ የመጣው የሰይድ ሦስት። መጽሐፉን ማን እንዳነሣው መዝገብ ሳይገለጥ ይታወቃል። ሥራ ያልያዙት ጣውላዎች በአንድ ቅርጫት ተደባልቀው ይቀመጣሉ። አንዱ የሌላውን ምልክት ያነሣል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

ሰይድን እንዴት ልንገራችሁ? ወረታ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ የሐጂ ልጅ ነው። በዕድሜ በዐሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ ዳዊት ደግሜ አራተኛ ክፍል የደረስሁ ነኝ፤ እሱ ስምንተኛን ጨርሶ እንግሊዝኛውን ያነበንበዋል። እኔ ካርድ ሳገላብጥ እሱ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል። እንዴት አወቅህ ሲሉት፣ «ትናንት በዚያ ሳልፍ አይቸው ነበር» ይላል። ይኼ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። እኔም በዚያ አልፌአለሁ።

የባሰብኝ የየኔታ ነገር ነው። የኔታ ጥርሳቸው አይታይም፤ ሰይድ ሲያወራ ግን ይስቃሉ። ከገዳም ይዘውት የመጡትን ወስፌ ለእሱ ሰጡት። ለእኔ የሰጡኝ የሙጫውን ማሰሮ ነው። ሙጫ የማፍላት ሥራ ከስፌት እንደማያንስ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ማሰሮውን ባየሁ ቁጥር ደረቴ ይጋይ ነበር። ቤት ገብቼ ለሚስቴ፣ «ዛሬም ስፌት እሱ ሰፋ» እላለሁ። «ምን ይሁን ታዲያ?» ትለኛለች።

ምን መሰላችሁ፣ የኔታ እያረጁ ነበር። ሲለቁ ከሁለታችን አንዱን ያጫሉ፤ የታጨውም ኃላፊ ይሆናል፣ በግቢው ውስጥም የድንጋይ ቤት ይሰጠዋል። ያን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ቁሐር ያለውን ቤቴን ወስዶት ነበር። አምስቱ ልጆቼ በየዘመዱ ቤት ተበትነዋል። እንግዲያውስ ለልጆቼ ብዬ ነው ብል የሚያምነኝ ሰው አይጠፋም። እውነቱ ግን ቤቱ ባይኖርም ወንበሩን እፈልገው ነበር። «ከየኔታ ቀጥሎ ታደገ» ሲባል መስማት አማረኝ። «ከየኔታ ቀጥሎ ሰይድ» የሚለውን ደግሞ ሳስበው እንቅልፍ አልነበረኝም።

በመሐል የርብ ደብተር መጣ። የኮሌጁ የታተመ ካርታ በርብ ሜዳ ላይ መሻገሪያዎችን ያሳያል፤ ነገር ግን ካርታው ወር አያውቅም። በየካቲት በቅሎ የሚያልፍበት ቦታ በኅዳር ላዩ ሣር፣ ታቹ ማጥ ነው፤ የገባበት ይሰምጣል። ይህን ለየኔታ የነገርሁ እኔ ነኝ። ከእረኞችና ከሽማግሌዎች ጋር ያገናኘኋቸውም እኔ ነኝ። የኔታ ግን ጽሑፉን ለሰይድ ሰጡት። እሱም ነገሩን በየወሩ ከፍሎ፣ የትኛው መሻገሪያ መቼ እንደሚረገጥ በአንድ ገጽ አንድ ወር አድርጎ አሰናዳው። አዛዡ አይተው፣ «ይህን የሠራው ማነው?» ብለው ጠየቁ። «ሰይድ ነው ያሰናዳው» አሉ የኔታ። ስሜ መግቢያው ላይ ተጽፏል። ግን ከአንድ ቄስና ከአንድ እረኛ በታች ሦስተኛ ነው።

የኅዳር ልምምድ በወሩ በዐሥራ አራት ይደረጋል ተብሎ ነበር። እኔ ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ፈቃድ ወስጄ በዐሥራ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልወጣ ተሰናዳሁ። የኔታ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ሰይድ ለምሳ ሄዷል። የርብን ደብተር ከመደርደሪያው አነሣሁና ጠረጴዛዬ ሥር ባለው የዕቃ ሣጥኔ ውስጥ ከተትሁት። ከቅርጫቱም ሦስት ጭረት ያለበትን ጣውላ መርጬ በቦታው አቆምሁ። ያሰብሁት ትንሽ ነገር ነበር። አዛዡ ደብተሩን ያስጠይቃሉ፣ ሰይድ ያጣዋል፣ አንድ ቀን ያፍራል፣ እኔ በዐሥራ ሦስት መጥቼ አገኘዋለሁ። ከልምምዱ በፊት ነው ብዬ ልቤን አሳረፍሁ። መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ነው ቁሐር የገባሁት።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ከበላይ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ልምምዱ ለማግሥቱ እንደተሳበ አላወቅሁም። አዛዡ ደብተሩን አስጠየቁ። ሰይድ ሄዶ ቢያይ በቦታው የራሱ ጣውላ ቆሟል። እሱና የኔታ እስኪመሽ ፈለጉ። ሲያጡት ዕጩ መኮንኖቹ የታተመውን ካርታ ይዘው ወረዱ።

የሚካኤል ዕለት ታቦቱ ዑደት አድርጎ ከቆመ በኋላ ከአጸዱ ጥግ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ስለሆነ ሜዳው እስከ ርብ ድረስ ይታያል። የሚስቴ አጎት አያ ካሴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታደገ፣ ያ የናንተ ጦር አይዶለም?»

አየሁ። በቅሎዎቹ በሰልፍ ወደ ወንዙ እየወረዱ ነው።

«ነው።»

«ወዴት ነው የሚወርዱ? በዚያ በኩል እኮ ማጥ ነው። ትላንት የጎረቤቴን ጥጃ በስንት መከራ ነው ያወጣን።»

ሮጬ ብሄድ እደርስ ነበር። ልጆቹ እረኞች ቢላኩ እንኳ ይደርሱ ነበር። ነገር ግን ተነሥቼ ብሮጥ፣ ደብተሩን ሳይዙ መውረዳቸውን በምን አወቅህ፣ ደብተሩስ የት አለ የምባል መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የታየኝ የሰይድ ሦስት ጭረት ነው።

«ያውቁታል፤ መጽሐፍ አላቸው» አልሁ።

አያ ካሴ መጽሐፍ የተባለ ነገር ያከብራሉ፤ አምነውኝ እጃቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ከሜዳው ጩኸት ተሰማ። ሰዉ በዓሉን ትቶ፣ የበሬ ጠፍርና ገመድ እየያዘ ወረደ። እኔም ገመድ ተሸክሜ ከኋላ ሮጥሁ። ስንደርስ ሁለት በቅሎ እስከ አንገታቸው ገብተዋል። የድልድይ ብረት የጫነች ሦስተኛ በቅሎ ተንሸራትታ ደረጀ በሚባል ዕጩ መኮንን ላይ ወድቃለች። የቁሐር ገበሬዎች ሳንቃና ሣር አንጥፈው፣ በደረታቸው እየተሳቡ ገብተው አወጡት። እኔ ገመዱን ያዝሁ። ፊቱ ጭቃ ሆኖ፣ «እግሬስ? እግሬ አለ?» ይለኝ ነበር። አለ አልሁት። ግን ከጉልበቱ በታች ደቅቋል።

በዐሥራ ሦስት ጧት ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሰዉ ሁሉ አዛዡ ዘንድ ነበር። ደብተሩን ከሣጥኔ አውጥቼ ከሦስተኛው መደርደሪያ ኋላ ጣልሁትና የኔታ ሲመለሱ «ከዚህ ኋላ አገኘሁት» አልሁ። የኔታ ደብተሩን ተቀበሉኝ። ደብተሩን አዩ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ።

በምርመራው ላይ አዛዡ ሰይድን፣ «ጣውላው ያንተ ነው?» አሉት።

«የኔ ነው።»

«ደብተሩን አንሥተኸዋል?»

«ማንሣቴን አላስታውስም፤ ጣውላው ግን የኔ ነው።»

ወደ የኔታ ዞሩ። የኔታ መሬት መሬት እያዩ፣ «የሰይድ ጣውላ ነው» አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔ ደብተሩን ያገኘሁ ሰው ነኝ። ሰይድ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ። ወስፌውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። እውነቱን ልናገርና ወስፌውን ሳነሣ ደስ ብሎኛል። ደስታው የቆየው እስከ ምሳ ነው።

ደረጀ ጎንደር ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝቶ በምርኩዝ ተመለሰ። መኮንን መሆኑ ቀርቷል። የስንብት ወረቀቱ ከዋናው ቤት እስኪመጣ ድረስ የሚሄድበት ስለሌለው ቀኑን ሙሉ እኛ ዘንድ ይውላል። መጽሐፍ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። እግሩን በሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ ያነባል፤ ሳቀብለው ሊነሣልኝ ይሞክራል። «ኧረ ተቀመጥ» እለዋለሁ። አንድ ጧት የጥያቄውን ሣጥን ስከፍት የእሱን ጽሕፈት አገኘሁ። «በርብ ሜዳ ላይ ጠንካራውን መሬት ከማጡ እንዴት መለየት ይቻላል?» ይላል።

ያን መልስ ለመጻፍ መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። በኅዳር ሌላው ሣር ሲገረጣ እሱ ብቻ ለምለም ከሆነ አትርገጠው። የከብት ዱካ ብታይ ዱካው ውኃ መቋጠሩን ተመልከት። በትር ሰክተህ ስትነቅለው ጫፉ ጥቁር ጭቃ ይዞ ከወጣ ተመለስ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። አንድ ገጽ በማይሞላ ነገር የሰው እግር ሄደ። ወረቀቱን ስሰጠው አነበበና፣ «ይህን ብናውቅ ኖሮ» አለ። ከዚያም አመሰገነኝ። እኔ ወደ መደርደሪያዎቹ ኋላ ሄጄ ግንባሬን መጻሕፍቱ ላይ ደግፌ ቆምሁ።

የኔታ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ለቀቁ። በእኛ አገር ደንብ ቁልፍ በእጅ ነው የሚሰጠው፤ ሰጪው ይመርቃል፣ ተቀባዩ ጉልበት ይስማል። የኔታ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ተከትዬ፣ «የኔታ፣ ምርቃትስ?» አልኋቸው። «ሥራውን ታውቀዋለህ፤ ቤቱንም ለልጆችህ አድርገው» አሉኝ። ወደ ጣራ ገዳም ተመለሱ፤ እኔም ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረት ሳላገኝ እዚያው ዐረፉ።

ኃላፊ ሆኜ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ክፉ ኃላፊ ነበርሁ አልልም። መጽሐፍ በጥላ አደርቃለሁ፣ ምን ልትሠራበት ነው እላለሁ፣ ጣውላ አስገባለሁ። አምስቱም ልጆቼ በዚያ የድንጋይ ቤት አደጉ። ግን መጽሐፍ ፍለጋ ላይ ትንሽ በዘገየሁ ቁጥር ሰይድ ቢሆን አሁን አግኝቶት ነበር እላለሁ። በሌለበትም ቀናሁበት። በስድሳዎቹ ውስጥ ቅርንጫፉ ተዘጋ፤ መጻሕፍቱ በከባድ መኪና ወደ ዋናው ቤት ተጫኑ፤ እኔም የጡረታ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ወረታ እየኖርሁ በሰይድ የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላለማለፍ ስንት ዓመት መንገድ ዞሬአለሁ። ጡረታ በወጣሁ በወሩ ግን ቀጥ ብዬ ገባሁ። ጠጉሩ ሸብቷል። አቡጀዲ እየለካ ነበር።

«ጋሽ ታደገ፣ ግቡ እንጂ። ምነው ቆሙ?»

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሣጥኑን፣ ሦስቱን ጭረት፣ አያ ካሴን። ሲለካ የነበረውን ጨርቅ አጥፎ እስኪጨርስ አላቋረጠኝም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«የኔታ በዐሥራ አንድ ማታ የሦስተኛውን መደርደሪያ ኋላ በጃቸው ዳስሰውታል። ባዶ ነበር። አንቱ በዐሥራ ሦስት ከዚያው አገኘሁት ሲሉ ገባቸው። ሊናገሩ ነበር፤ የያዝኋቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ልጆችዎ በየሰዉ ቤት ነበሩ። ያን ቤት የሚያገኘው ኃላፊው ነው። እኔ የአባቴ ሱቅ ነበረኝ።» ደግሞም፣ «ሱቁን ወድጄው አይዶለም። የመጽሐፉ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርዎት ይገቡበት ነበር?»

አልገባበትም ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ምስጋና ነው ብል እዋሻለሁ። ቀናሁበት፤ ከዚያ በፊት ያልቀናሁትን ያህል ቀናሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በሰረቅሁት ወንበር ላይ የተቀመጥሁ መስሎኝ ነበር። የሰረቅሁት ሲመስለኝ፣ ክፉም ቢሆን የራሴ ሥራ ነበር። ለካ እሱንም የሰጠኝ ሰይድ ነው።

«ይቅር በለኝ» አልሁት።

«የኔን ያን ጊዜውኑ ትቸዋለሁ። የደረጀ እግር ግን የኔ አይዶለም።»

ደረጀ ሐሙሲት ከተማ መምህር ሆኗል። በየገበያው ቀን እየመጣ ከሱቁ ደጃፍ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከሰይድ ጋር ስለ መጻሕፍት ያወጋል። ይህን ከሰይድ ስሰማም እንኳ በሁለቱም ቀናሁ። ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «አልነገርሁትም፤ እሱን መናገር ያንቱ ነው» አለኝ ሰይድ።

በገበያው ቀን ማልጄ ሄጄ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥሁ። ደረጀ ምርኩዙን እየተከለ መጣ። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ጋሽ ታደገ፣ እንዴት ሰነበቱ? ያን የጻፉልኝን ወረቀት እኮ ዛሬም ለተማሪዎቼ አስተምርበታለሁ» እያለ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰይድ ሜትሩን አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ።

«ደረጀ፣ ያን ደብተር የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልሁት።